በአባ ኦሊ ክንድ ላይ ያየሁት ጠባሳ

ሌላው ሰው ሲፈራ ይጮኻል ወይም ዝም ይላል። እኔ ስፈራ እጠይቃለሁ። ወተቱ ከማን ላም ነው? ውሃው ፈልቷል? መርፌው ተቀቅሏል? ጅማ ከተማ ጊንጆ ሰፈር ስንኖር ጎረቤቶቼ "ዘይነባ ቤት ሻይ ለመጠጣት መጀመሪያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ነው የተዳርኩት። ባለቤቴ ሙሐመድ ልብስ ሰፊ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ሐያት ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ቡና ሲደርስ ተማሪው በመኪና እየተጫነ ወደ አጋሮ በኩል ለለቀማ ይሄድ ነበር። እኔ ሐያት ስትሄድ ያልጠየቅሁት ነገር አልነበረም። የት ታድራላችሁ? ምን ትበላላችሁ? ማን ይጠብቃችኋል? ስለ መኪናው ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ልጆቹ ሲመለሱ በቡና ጆንያዎቹ አናት ላይ ተቀምጠው እየዘፈኑ ሳለ መኪናው ጉድጓድ ገባና ሐያት ተስፈንጥራ ወደቀች። የጭኗ አጥንት ተሰብሮ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ።

ሆስፒታል ስደርስ ፊቷ እንደ አመድ ነጥቶ ነበር። "እማ፣ ጫማዬ አንዱ ጠፋ" አለችኝ። ያን ሁሉ ሕመም ይዛ የነገረችኝ የጫማውን ነው።

ቀዶ ጥገና የሚያደርገው ሐኪም አጭር ቃል ተናጋሪ ነበር። "ብዙ ደም ፈሷታል። ሁለት ጠርሙስ ደም ሳይዘጋጅ ብከፍታት እጄ ላይ ትቀራለች። ብትቆይም አይሆንም። ደም ፈልጉ" ብሎን ገባ።

እኔና ሙሐመድ እጃችንን ዘርግተን ወደ ላቦራቶሪ ሮጥን። የላቦራቶሪው ባለሙያ ታምሩ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ጣታችንን ወግቶ ደሙን በነጭ ሸክላ ላይ ጠብ አደረገና ሲያማስል ቆየ።

"የእሷ የደም ዓይነት ኦ ነው። ኦ ከኦ በስተቀር ከማንም አይቀበልም። የእናንተ የሁለታችሁም አይሆናትም።"

"የወለድኳት እኔ አይደለሁም እንዴ? እንዴት ነው የኔ ደም የማይሆናት?" አልኩት።

"ወልደዋታል እናቴ። ግን አይሆናትም።"

ምን ላድርግ? ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ታምሩ አዝኖልኝ ነው መሰል አጠገቤ ቆሞ የደም ሰጪ ደንቡን ነገረኝ። የታመመ፣ የከሳ፣ ነፍሰ ጡር አይሰጥም። ከዚያም "ከዚህ በፊት ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የታመመ ሰው፣ የወፍ በሽታ የምትሉት፣ ኦሮሞው ሲምቢራ የሚለው፣ እሱም አይሰጥም" አለ።

እንደ ልማዴ ጥያቄዬ መጣ። "ድኖ ቢሆንስ?"

"ሰውየው ይድናል። በሽታው ግን ደሙ ውስጥ ሊቀር ይችላል። እሱን ምንም ሳያደርገው የተቀበለውን ሰው ጉበት ይበላል።"

"ታዲያ ደሙን አይታችሁ አትለዩትም?"

"ለዚህ በሽታ መመርመሪያ እዚህ የለንም። መመርመሪያችን የሰው አፍ ነው። እንጠይቃለን፤ የነገሩንን እናምናለን።"

ይህን እያወራን ሳለ ከግቢው የመኪና ጥሩንባ ሰማን። የባለቤቴ የትውልድ መንደር ከአጋሮ ወዲያ ነው። ሐያት የወደቀችው እዚያው መንገድ ላይ ስለነበር ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሷቸዋል። የቡና ጭነት መኪና ሙሉ ሰው መጣ። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ወረዱ። "ያ ረቢ! ያ ረቢ!" እያሉ ከበቡን። እኔም ልቤ ሞላ። ከዚህ ሁሉ ሰው ሁለት ጠርሙስ ደም ይጠፋል?

ጠፋ! ታምሩ ወጥቶ "ደም የሚሰጥ ይምጣ" ሲል ያ ሁሉ ሰው እንደ ጤዛ ብትን አለ። አንዱ ለከብቶቹ ውሃ አላጠጣሁም አለ። ሌላው ደም የሰጠ ሰው በዓመቱ ይሞታል ሲባል ሰምቷል። መኪናውን ነድቶ ያመጣቸው ሸሪፍ፣ በሩን በትከሻው ሊሞላ የሚችል ጎረምሳ፣ ታምሩን ራቅ ብሎ ይጠይቀዋል።

"ስም ትጽፋለህ?"

"አዎ፣ የሰጪው ስም ይጻፋል።"

"ስሜ ለምን አስፈለገህ? ደሜን ነው የምትፈልገው ወይስ ስሜን?"

አትፍረዱበት። ያን ጊዜ ስሙ የተጻፈ ጎረምሳ ለውትድርና ተወስዶ ይቀር ነበር። ስም ሲጠየቅ የማይሸሽ ወንድ አልነበረም።

በዚህ መሐል ሰዉ ለሁለት ተከፈለና አንድ ረጅም ሽማግሌ መጣ። አባ ኦሊ ነበር፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ሙሐመድና እሱ ለዓመታት አይነጋገሩም። አባታቸው የተዉላቸው የቡና ማሳ ነበር። መሬት ላራሹ ሲታወጅ ሙሐመድን "አንተ የከተማ ሰው ነህ" ብለው ከማሳው ሲያስወጡት ወንድሙ ዝም አለ። ዝምታው ቂም ሆነ። ለእርቅ የሄዱ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እርስ በርስ ተጣልተው ተመልሰዋል።

አባ ኦሊ ሙሐመድን ቀና ብሎ አላየውም። ታምሩ ፊት ቆመና "የልጅቷ ትልቁ አባት ነኝ። የኔን ውሰድ፣ ስሜንም ጻፍ" አለ።

ጣቱ ተወጋ። ሸክላው ላይ ጠብ። ማማሰል።

"ኦ!" አለ ታምሩ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሐመድ እንደ ልጅ እያለቀሰ ወንድሙ ጉልበት ላይ ወደቀ። "ኦቦ! ኦቦ!" ይላል፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። አባ ኦሊም አነሳውና አንገቱን አቀፈው። ያን ሁሉ ሽማግሌ ያቃተው እርቅ በአንዲት ጠብታ ወረደ።

ታምሩ ጥያቄውን ጠየቀ፤ የወፍ በሽታውንም ስሙን ጠርቶ ጠየቀ። "የለም፣ ጤነኛ ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" አለ አባ ኦሊ። ከዚያ "የቀትሩ፣ የዙህር ሶላት ደርሷል። ዉዱእ አድርጌ፣ ሰግጄ፣ ንጹሕ ሆኜ ልስጣት" አለ። እኔ ነኝ ማንቆርቆሪያውን ይዤ ያስታጠብኩት። እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ። ከዚያ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰበሰበ። ቀኝ ክንዱን አጠበ። ግራውን ዘረጋልኝ።

ከክርኑ ዝቅ ብሎ፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የቃጠሎ ጠባሳ።

በእኛ አገር ይህን ጠባሳ የማያውቅ የለም። የወፍ በሽታ የያዘውን ሰው አዋቂዎች ዘንድ ይወስዱትና የጋለ እንጨት ክንዱ ላይ ይተኩሱበታል። ውሃው ከማንቆርቆሪያው እየፈሰሰ እግሩ ላይ ወረደ።

"ልጄ፣ ውሃውን ጨረስሽው እኮ" አለኝ።

"አባ ኦሊ፣ ይሄ ጠባሳ የምንድን ነው?"

"ይሄ? የድሮ ነው። በወጣትነቴ ሲምቢራ ይዞኝ ነበር።"

"አሁን ሲጠይቅዎ የለም አሉ እኮ!"

"የለማ! ተተኩሼ ወጣልኝ። እሳት የበላውን በሽታ አለብኝ ልበል? ከዚያ ወዲህ ራሴን እንኳ አሞኝ አያውቅም።"

እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ውሸት አልመሰለውም። ለእሱ በሽታው በዚያች ጠባሳ በኩል ወጥቶ ሄዷል። በጆሮዬ ግን የታምሩ ድምፅ ይደውላል፤ ሰውየው ይድናል፣ ደሙ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

"ማሎ፣ እባክዎ አባ ኦሊ፣ ይንገሩት። ጠባሳውን ያሳዩትና እሱ ይወስን።"

ፊቱ ተለወጠ። "ደሜን ጠየፍሽው?"

"ወላሂ አልጠየፍኩም! ለልጅዎ ብዬ ነው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ቂም ይዤ ዛሬ ደሜን ይዤ መጣሁ። ቆሻሻ ነው ብለሽ ሰው ፊት ልታቆሚኝ ነው? ከነገርሽው ዘይነባ፣ ቤትሽን አልረግጥም።"

ሶላቱን ሊሰግድ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞረ። እኔ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ታቅፌ ቆምኩ። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ዝም ካልኩ ልጄ ዛሬ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ታገኛለች፤ ሁለቱ ወንድማማቾችም ይታረቃሉ። ምናልባት ምንም አይደርስባትም። ከተናገርኩ ያለችን አንዲት ጠርሙስ ትቀራለች። ግን ልጄ ከዛሬ ተርፋ በኋላ ዓይኗ ቢጫ ቢሆንስ? ሆዷ ቢነፋስ? አይቼ ዝም ማለቴን ለማን እነግራለሁ?

እግሬ ቀደመኝ። ታምሩ ጠርሙሱንና ደም የሚወርድበትን ጎማ እያዘጋጀ አገኘሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ጎማውን አስቀመጠ።

"አልወስድም" አለ።

"ሌላ ከጠፋስ?"

"ዶክተሩን አማክሬ እነግርዎታለሁ።" ሮጦ ሄዶ ሮጦ ተመለሰ። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጠብቃታል። እስከዚያ ሌላ ኦ ፈልጉ። ካጣን ተገደን የእሳቸውን እንሰጣታለን፤ ከዛሬ ሞት የነገ ሥጋት ይሻላል። ግን ፈልጉ! ፈልጉ እናቴ!"

ወሬው ከእኔ ፈጥኖ ግቢውን ዞረ። ሙሐመድ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። "ምን አደረግሽ? ምን አደረግሽ አንቺ ሴትዮ? ዛሬ እንኳ ዝም አትይም?" በመኪናው ከመጡት ሴቶችም አንዷ "የከተማ ሴት! የዘመድ ደም ትመርጣለች እንዴ!" ስትል ሰማሁ። አባ ኦሊ ሰግዶ ሲነሳ የሰዉን ፊት አይቶ ገባው። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

ሮጬ ፊቱ ቆምኩ። "ይርገሙኝ፣ ግን ሳይጠይቁ አይሂዱ። እኔን ሳይሆን እሱን ይጠይቁት። ደምዎ ቢገባባት ምን ትሆናለች ይበሉት።"

ቆመ። አየኝ። ዞሮ በረጅም እግሩ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። እኔ በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ሳትሸፍን ንገረኝ። ደሜ ክፉ ነው?"

"አባቴ፣ ላይሆን ይችላል። በሽታው ከደምዎ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ግን ካለ እርስዎን አይነካዎትም፤ እሷን ያሳምማታል። የማይበት መሣሪያ የለኝም።"

አባ ኦሊ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

"እኔ የማላየው፣ አንተም የማታየው ነገር ነው በለኛ።"

"እንደሱ ነው።"

"እና ለምንድን ነው እዚህ ቁጭ የምንለው?"

በሩን በርግዶ ሲወጣ ግንባሬን ሊገጨኝ ነበር። ግቢው መሐል ቆመና ጋቢውን መሬት ላይ ወረወረ። ግራ እጅጌውን እስከ ብብቱ ጠቅልሎ ክንዱን ወደ ሰማይ አነሳ።

"ስሙኝ!" አለ፤ ድምፁ አጋሮ ድረስ ይሰማል። "ይህን ታውቁታላችሁ! ሲምቢራ ነው። እኔ ልሰጥ መጥቼ በዚህ ምክንያት ተመልሻለሁ። እንደኔ የተተኮሰ ወደዚያ ዛፍ ይሂድ፤ አልቀየመውም። ክንዱ ንጹሕ ሆኖ የሚሸሽ ግን ነገ ከብቱ ገደል ቢገባ እንዳይጠራኝ! ክንድ! ክንድ አሳዩ!"

አይ ያን ጊዜ! ግቢው ተገለባበጠ። ወንዱ ሁሉ እጅጌውን መሰብሰብ ጀመረ። አባ ኦሊ እንደ ቡና ለቃሚ፣ የበሰለውን ከጥሬው እየለየ፣ በመሐላቸው ያልፋል። "አንተ ተተኩሰሃል፣ ወደ ዛፉ። አንተ ንጹሕ ነህ፣ ወደ ላቦራቶሪ።" ከዛፉ ሥር ለመግባት ጠባሳ የሚፈልገው ሰው ብዛት! አንዱ የእሾህ ጭረት ያሳያል፣ አንዱ የውሻ ንክሻ። ሸሪፍ ደግሞ ያን የሚያህል ትከሻውን ገልጦ "አባ ኦሊ፣ እኔም ያው ተተኩሻለሁ" አለ።

አባ ኦሊ ጠጋ ብሎ አየው። "ይሄማ የፈንጣጣ ክትባት ነው! ሲምቢራ ከመቼ ወዲህ ነው ትከሻ ላይ የሚተኮሰው?"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴ ሳይቀር ሳቀ። አባ ኦሊ ሸሪፍን በጆሮው ይዞ ራሱ አስገባው። ታምሩ ጣት ይወጋል፣ ሸክላውን ያብሳል፣ ያማስላል። "ኤ። አይሆንም። ቢ። አይሆንም። ኤ። ኤ።" የግድግዳው ጥላ እየረዘመ ነው። አንዲት ነርስ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ብቅ እያለች "እንዴት ሆነ?" ትላለች። የሸሪፍ ተራ ደረሰ።

"ኦ!"

"ወይኔ እናቴ!" ብሎ ጮኸ ሸሪፍ፤ እኛ ደግሞ እልል። አልጋው ላይ ሲጋደም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትንሽ ቆይቶ "አለቀ?" አለ።

"ገና መርፌውን አላወጣሁም" አለው ታምሩ።

አንድ ጠርሙስ ሞላ። ሁለተኛው ግን እምቢ አለ። ንጹሕ ክንድ ያላቸው ወንዶች ሁሉ አለቁ። ሰዓቱ ወደ ዘጠኝ ተጠጋ። አባ ኦሊ ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። ሙሐመድ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ይህን ጊዜ ከበሩ ጥግ አንዲት ቀጭን ድምፅ መጣች። የአባ ኦሊ ሚስት፣ እትዬ ሐሊማ ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ለበሽተኛ ያመጡትን ምግብ በነጠላ ጠቅልለው ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"ክንድ አሳዩ ስትል እኔ ክንድ የሌለኝ መሰለህ?"

አባ ኦሊ ደንግጦ ዞረ። "አንቺ? ሴት ደም ትሰጣለች እንዴ?"

"በየወሊዱ ስንት ደም እንዳፈሰስኩ አንተ የት ታውቃለህ!" ጥቅሉን እኔ እቅፍ ውስጥ አስቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ጠባሳ የለም። ታምሩ ፈገግ እያለ "እርጉዝ ነዎት እናቴ? የሚያጠቡት ልጅ አለ?" ሲላቸው "አንተ! የልጅ ልጅ ነው ያለኝ!" ብለው ገላመጡት። ከዚያም ዓይን ቢጫ ሆኖ ታመው እንደሆነ፣ ተተኩሰው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ሁሉንም የለም አሉ። ከዚያ ባላቸውን አየት አድርገው "እኔ ደግሞ የማልናገረው ነገር የለኝም" አሉ።

ጣት። ጠብታ። ማማሰል። ታምሩ ቀና ሲል ከመናገሩ በፊት ፊቱ ነገረን።

ሐያት ወደ ቀዶ ጥገናው ስትገባ ጠርሙሶቹ ተዘጋጅተው ነበር። ስትወጣ ጀንበር ወደ መጥለቁ ነው። ሐኪሙ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ "ትድናለች" አለን። ያችው አጭር ቃሉ ናት። እኔ ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ሙሐመድ ግን "የማንን እጅ እንደሳምሽ ታውቂያለሽ? የጽዳት ሠራተኛዋን!" እያለ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሲስቅብኝ ኖሯል።

ከዚህ ወዲህስ በወሬዬም አንቱ ልበላቸው፤ አባ ኦሊ ሲሰናበቱ ፊት ለፊቴ ቆሙ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቤትሽን አልረግጥም ያሉኝ ቃል ልቤ ውስጥ ነበር።

"ዘይነባ" አሉኝ፣ "በጣም ትጠይቂያለሽ።"

"አዎ አባ ኦሊ።"

"እኔን ደግሞ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መንደሩ ሁሉ እኔን ይሰማል እንጂ አይጠይቀኝም።" ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። "ነገ ጠዋት ቤትሽ እመጣለሁ። ሻይሽን ጥሩ አድርገሽ አፍዪው።"

መጡም። ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹን የለያቸው ሞት ብቻ ነው። ሐያት ዛሬ የልጆች እናት ናት፤ ብርድ ሲሆን ትንሽ ታነክሳለች።

አንባቢዎቼ፣ ብዙ ሰዎች ይጠይቁኛል፤ "የአባ ኦሊ ደም በእውነት በሽታ ነበረው?" ይሉኛል። አላውቅም። የጉበቱ መመርመሪያ ሳይመጣ ነው በእርጅና ያረፉት። ታምሩ በኋላ እንዳስረዳኝ ጠባሳ ያለው ሁሉ በሽታው በደሙ አለ ማለት አይደለም። ሕመሙን ራሱ ሳያውቀው በደሙ ይዞ የሚኖርም አለ፤ የሸሪፍንም ሆነ የእትዬ ሐሊማን ደም ያየልን መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ አዋቂ ሆኜ ልጄን አዳንኳት ብዬ አልኮራም። ያን ቀን የተማርኩት ሌላ ነው። ጥያቄዬን እንደ ነውር እቆጥረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላፈርኩበትም። ዛሬ መመርመሪያው አለ ይላሉ፤ ደም ሁሉ ሳይመረመር ለሰው አይሰጥም። ደስ ይለኛል። ቢሆንም ደም ልትሰጡ ስትሄዱ ባለሙያው ሲጠይቃችሁ ድኛለሁ ብላችሁ አትለፉት። የነበረባችሁን ንገሩት። መመለስ ውርደት አይደለም።

ይህን ከእኔ ይልቅ አባ ኦሊ ቢነግሯችሁ ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ አካባቢ አራስ ደም ቢፈሳት፣ ሰው ከዛፍ ቢወድቅ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። በሰው ፊት ክንዳቸውን ገልጠው ጠባሳውን ያሳያሉ። ከዚያም ንጹሕ ክንድ ያላቸውን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ መኪና ላይ ጭነው ጅማ ይመጣሉ። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣች ነርስ "አባባ፣ ደም ሊሰጡ ነው የመጡት?" ብላ ስትጠይቃቸው አጠገባቸው ነበርኩ።

"የለም ልጄ" አሏት፣ ደረታቸውን ነፍተው። "እኔ ሰጪ አምጪ ነኝ።"